ሁለት ቀይ ክዳኖች

እትዬ «ከእንግዲህ እዚህ መኪና ውስጥ አልገባም» ያሉት በዐቢይ ጾም ሁለተኛው እሑድ ነው። ሲሉ አልሰማሁም፤ ያወቅኩት ጋሼ ብቻቸውን ሲመጡ ነው።

እሑድ ጠዋት ባልና ሚስቱ ከሰፈራቸው ከኖርድቬስትሽታት ተነሥተው እኔ ወደምኖርበት ኡንተርሊደርባህ ይመጡና እኔን ከደጄ ወስደው ቤተ ክርስቲያን አብረን እንሄዳለን። መኪናዋ ከመድረሷ በፊት ድምጿ ስለሚደርስ ስልክ መደወል አያስፈልጋቸውም፤ ነጠላዬን አንሥቼ እወርዳለሁ። የዚያን ቀን ወርጄ ሳይ የፊተኛው ወንበር ባዶ ነው። እትዬ የት እንዳሉ ስጠይቅ፣ ጋሼ መሪውን እንደያዙ ፊታቸውን ሳያዞሩ፣ በኡባን፣ በምድር ውስጡ ባቡር፣ ሄዳለች አሉኝ። ታመው እንደሆነ ጠየቅኩ። አልታመመችም። ተጣልታችሁ ነው? አልተጣላንም። ከዚያ በኋላ መንገዱን ሙሉ የሚናገረው ሞተሩ ብቻ ነበር።

ጋሼና እትዬ የሥጋ ዘመዶቼ አይደሉም። እዚህ ከተማ ስመጣ ሳሎናቸው ውስጥ ፍራሽ ዘርግተው ያሳደሩኝ፣ የመጀመሪያውን የመኖሪያ ፈቃድ ቀጠሮዬን፣ እዚህ ቴርሚን የሚሉትን፣ ኮሪደር ላይ ቆመው አብረውኝ የጠበቁ ሰዎች ናቸው። ጋሼ በተማሪነት መጥተው፣ አገር ቤት ነገሩ ሲበላሽ በዚያው የቀሩ ናቸው። ዕድሜያቸውን የሕንጻ ንድፍ ሲነድፉ ኖረው ጡረታ ወጡ። እትዬ የአረጋውያን መጦሪያ ነርስ ነበሩ። ልጆቻቸው ሌላ ከተማ ይኖራሉ፤ ሲደውሉላቸው በጀርመንኛ ነው የሚመልሱላቸው።

መኪናዋን ጋሼ የገዟት ከብዙ ዓመት በፊት፣ ወደ አገሩ ከሚመለስ አሜሪካዊ ወታደር ነው። ሁለት በር ያላት፣ አፍንጫዋ የረዘመ፣ ስምንት ሲሊንደር የተሸከመች ጥቁር ሰማያዊ መኪና ናት። ሲነሣ ሞተሩ የጋራዡን ግድግዳ ያንቀጠቅጠዋል። ወጣት ጀርመኖች መብራት ላይ አጠገባችን ሲቆሙ አውራ ጣታቸውን ያሳዩናል፤ ከዚያ ውስጥ ተቀምጠው የሚያዩት ነጭ ፀጉር ያላቸው ሽማግሌና ነጠላ የለበሱ ሁለት ሴቶች ሲሆኑ ግር ይላቸዋል። የመጀመሪያ ልጃቸው ከሆስፒታል ወደ ቤት የመጣችው በዚህች መኪና ነው።

ከቅዳሴ በኋላ ጋሼ ነገሩን ነገሩኝ። እትዬ ራሳቸውን ያማቸዋል። መኪናዋ ውስጥ ቤንዚን ይሸተኛል ይላሉ። ባለፈው እሑድ፣ በብርዱ ወራት ጋራዥ የከረመችው መኪና ለመጀመሪያ ጊዜ ስትወጣ፣ መንገድ ላይ ሊያስመልሳቸው ነበር። እኔም አይቻቸው ነበር እኮ። ከመኪናዋ ወርደው የቤተ ክርስቲያኑን ግድግዳ ደገፍ ብለው፣ ፊታቸው ነጥቶ ቆመው ነበር። ጾም ነው ብዬ አለፍኩት። እኛ ዘንድ በዐቢይ ጾም ራስ ቢያም፣ ጉልበት ቢከዳ፣ ዓይን ቢያጭበረብር ጥፋቱ የጾም ነው፤ ሌላ ተጠርጣሪ አንፈልግም።

ጋሼ እንደሆነ አይሸታቸውም። ለረጅም ዓመታት ሲያጨሱ የኖሩ ሰው ናቸው። «የድሮ መኪና ጠረን ነው» ብለው ነበር። አሁን ግን እትዬ አልገባም ስላሉ ሊሸጧት ቆርጠዋል። ሽቫንሃይም የሚኖር አንድ ጡረተኛ መካኒክ ብዙ ጊዜ ሽጥልኝ ሲላቸው ኖሯል፤ ከሁለት ሳምንት በኋላ ቅዳሜ መጥቶ ይወስዳታል።

«ያለ እሷ ይቺ መኪና ምን ታደርግልኛለች?» አሉኝ። «ብቻዬን ለመሄድማ ኡባኑ ይሻለኛል።»

ይህን ሲሉ ድምፃቸው አልተለወጠም፤ ቁልፉን ግን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው ደጋግመው ያዛውሩ ነበር። ከእትዬ ጎን ተቀምጠው በሳምንት አንድ ቀን ከተማውን የሚያቋርጡባት መኪናዋ ናት። ቤት ውስጥ እንደ አሮጌ ባልና ሚስት ዝም ዝም ነው። መኪናዋ ውስጥ ግን ይጨዋወታሉ፤ ከኋላ ተቀምጬ ስሰማ ኖሬአለሁ። ስለዚህ እዚያው ቆሜ እስኪ እኔ ልያት አልኳቸው። ያ ቅዳሜ ደርሶ ከመሸጥዎ በፊት ሽታው ከየት እንደሚመጣ ላግኘው።

እውነቱን ለመናገር ያን ያስባለኝ ደግነት ብቻ አልነበረም። ያልገባኝ ነገር ያሳክከኛል። ቤንዚን ፊት ለፊት የሚቃጠል፣ ኋላ በታንክ የተዘጋ ነገር ነው። መሃል ላይ የተቀመጠች ሴት ራሷን እስኪያማት የሚሸታት በየት በኩል ገብቶ ነው? ሆኽስት አጠገብ ባለው የኢንዱስትሪ መንደር ውስጥ ሠላሳ ዓመት የሠራሁት ቱቦ ላይ ነው። ጋዝ ከየት ተነሥቶ ወዴት እንደሚሄድ፣ የትኛው ቱቦ እንደሚገፋና የትኛው እንደሚስብ ስከታተል ነው የኖርኩት። የመኪና ቱቦ ከዚያ ቢቀል እንጂ አይከብድም ብዬ ናቅሁት። ከመጠምጠም መማር ይቅደም የሚለውን የሚነግረኝ ሰው በአጠገቤ አልነበረም።

እዚህ ላይ ስለ መስኮት መናገር አለብኝ። እትዬ ነፋስ ይፈራሉ። መኪና ውስጥ መስኮት ጣት ታህል ከተከፈተች አንገታቸውን በነጠላ ጠቅልለው ያቃስታሉ። አዲስ አበባ ታክሲ ውስጥ «ዝጉት፣ ብርድ ይመታናል» ከሚሉት ወገን ናቸው፤ ግማሽ ምዕተ ዓመት ጀርመን አገር መኖር ይህን አልለወጠውም። ቤታቸውም እንዲሁ ነው። የሕንጻው አስተዳደር በመኝታ ቤቱ ጥግ ሻጋታ አይቶ፣ በቀን ሁለት ጊዜ መስኮት በርግዳችሁ ክፈቱ የሚል ደብዳቤ ጽፎላቸዋል። ጋሼ ደብዳቤውን እትዬ እንዲያዩት ማቀዝቀዣው ላይ ለጠፉት። እትዬ አነበቡት፤ መስኮቱ ግን እንደተዘጋ ነው። ስለዚህ መኪናዋ ውስጥ የገባ ሽታ መውጫ አልነበረውም። ጋሼ ብቻቸውን ሲነዱ መስኮት ከፍተው ነው የሚሄዱት።

በዚያው ሳምንት ቅዳሜ ረፋድ ላይ ኖርድቬስትሽታት ሄድኩ። ጋራዡ ከፎቁ ሥር፣ ምድር ውስጥ ነው። ጋሼ የእጅ ባትሪ ይዘው ይጠብቁኝ ነበር። እትዬ ላይ ቤት ናቸው፤ አልወረዱም።

ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ብዬ ከታንኩ ጀመርኩ። የዚህች መኪና ቤንዚን መሙያ ከኋላ ታርጋው ሥር ተደብቆ ነው ያለው፤ ታርጋው እንደ ትንሽ በር ወደ ታች ይታጠፋል። ክዳኑን ትንሽ ስፈታው እፍፍፍ ብሎ ረጅም ትንፋሽ ወጣ። ጋሼ ወደ ኋላ ተሳቡ። እኔ ደስ አለኝ፤ ታንኩ ታፍኗል ማለት ነው። ቤንዚን ሞቅ ሲለው ይተናል። ትነቱ መውጫ ካላገኘ ይገፋል፤ ሲገፋ ደግሞ ያረጀውን፣ የሳሳውን ቦታ ፈልጎ ያገኛል። የሻንጣ መጫኛውን ከፍቼ ምንጣፉን ሳነሣ ሽታው፣ በፋብሪካው ሠላሳ ዓመት አፍንጫዬ የደነዘዘብኝን እኔን እንኳ መታኝ። መሙያው ከታንኩ ጋር የሚገናኝበት ጎማ በዕድሜ ተሰነጣጥቋል። ሻንጣ መጫኛውን ከወንበሮቹ የሚለየው አንድ ስስ ካርቶን ነው።

ጎማውን መለወጥ ቀላል ነው። ግን ለምን ታፈነ? መኪናዋን የሠሩት ሰዎች ታንክ መተንፈስ እንዳለበት ያውቃሉ፤ የሆነ መንገድ ትተውለት መሆን አለበት። ጋሼ ባነጠፉት ካርቶን ላይ ተንጋልዬ ሥሯ ገባሁ። ከታንኩ ጀርባ አንድ ቀጭን የብረት ቱቦ ተነሥቶ ከቤንዚኑ ቱቦ ጎን ለጎን ወደ ፊት ይሄዳል። በጣቴ እየዳበስኩ ተከተልኩት። ወለሉን ሙሉ አቋርጦ ወደ ሞተሩ ክፍል ይወጣል። ከመኪናዋ ሥር ወጥቼ ኮፈኑን አስከፈትኩ። የብረቱ ቱቦ ከመኪናዋ ባትሪ በታች በአንድ ጥቁር የጎማ ቱቦ ይቀጥልና እዚያው ያበቃል። ጫፉ ላይ ቀይ የፕላስቲክ ክዳን ተገጥሞበታል፤ በክዳኑ ላይ ማጥበቂያ ቀለበት በንጽሕና ጠብቋል።

ያንን ክዳን አወቅኩት። ያጠበቅኩት እኔ ነኝ።

ከዓመት ከመንፈቅ በፊት፣ በመስከረም፣ የነበርኩበት ክፍል ተዘግቶ ያለ ዕድሜዬ ጡረታ ወጥቼ ነበር። በመጨረሻው ቀን ሣጥኔን ባዶ ሳደርግ በሥራ ካፖርቴ ኪስ ውስጥ የቀሩ ጥቂት ቀይ ክዳኖች አገኘሁ። በእኛ ሥራ ክፍት የቱቦ አፍ አይቶ ማለፍ ነውር ነው፤ የሚፈስ ባይኖር እንኳ ይከደናል። ክዳኖቹን ይዣቸው ወጣሁ። ከዚያ ሁለት ሳምንት ቤቴ ተቀምጬ ግድግዳ ሳይ ከረምኩ። ጋሼ አንድ ቀን ደውለው ጎረቤቶች ጋራዡ ቤንዚን ይሸታል እያሉ ስሞታ አቅርበዋል፣ ቱቦ አንቺ ታውቂያለሽ፣ እስኪ ነይ አሉኝ። ሄድኩ። ኮፈኑ ተከፍቶ ሳይ ሁለት ክፍት አፍ አየሁ። አንዱ ይኸው ቀጭኑ ነው፤ ጫፉ አየር ላይ ተንጠልጥሎ ቤንዚን ይሸታል። ሁለተኛው ወፈር ያለ ነው፤ ከሞተሩ ክዳን ወጥቶ ከአየር ማጣሪያው ሥር ተላቆ የወደቀ፣ አፉ ዘይት የነካው። አንዳች ነገር ሳልጠይቅ ሁለቱንም ከደንኳቸው። ጣቶቼ ያውቁት ነበር። ጋራዡ በሁለት ቀን ውስጥ መሽተት አቆመ፤ ጎረቤቶቹም ዝም አሉ። እኔም የቱቦ ሊቅ ተብዬ ምሳ ተጋበዝኩ።

ከዚያ ወዲህ በየእሑዱ መኪናዋ ውስጥ ስገባ «አሁንስ ይሸታል?» እያልኩ እጠይቅ ነበር። መጠየቄ እንዲያመሰግኑኝ ነው። እትዬ ሁልጊዜ «ኧረ የለም፤ እጅሽ ይባረክ» ይሉኝ ነበር።

ጋሼ የእጅ ባትሪውን እንደያዙ ምን አገኘሽ አሉኝ። ገና ነው አልኳቸው። ዋሸሁ። ሳይቸግረኝ ጤፍ ብድር የሚባለው ይህ ነው፤ ሰው መኪናውን የሚሸጠው በእኔ ሁለት ክዳን ምክንያት መሆኑን እያየሁ ደበቅኩት። ዕቃ ያስፈልገኛል ብዬ ሄድኩ።

ክዳኖቹን መንቀልማ ይቻላል፤ ግን ያኔ ጋራዡ እንደገና ይሸታል፣ ስሞታውም ይመለሳል። ቀጭኑ ቱቦ ከመንጠልጠሉ በፊት የሆነ ቦታ ይገባ ነበር። የት ነው የሚገባው? እንዲህ ያለውን የሚያውቅ ሰው ብፈልግ ያገኘሁት አንድ ብቻ ነው፤ እሱም መኪናዋን ሊገዛ የቀጠረው የሽቫንሃይሙ መካኒክ። ሰኞ ዕለት ሄድኩበት። ከደን ዳር ካለው ቤቱ ጀርባ መጋዘን አለው፤ እስከ ጣሪያው ድረስ የአሜሪካ መኪና ዕቃ ተደርድሮበታል። ማን እንደሆንኩና ለምን እንደመጣሁ አልደበቅኩትም። ሽታው ከጠፋ መኪናዋ አትሸጥም አልኩት። ወንበር ሰጠኝና ወረቀት አምጥቶ መሳል ጀመረ።

ያን ቀን የተማርኩትን እስካሁን ሳስበው ደስ ይለኛል። የቤንዚኑ ትነት በቀጭኑ ቱቦ ወደ ፊት ይመጣና ከባትሪው አጠገብ በሚቀመጥ፣ የወተት ዱቄት ቆርቆሮ በሚያህል ጣሳ ውስጥ ይገባል። ጣሳው የተሞላው በከሰል ነው። መኪናዋ ቆማ ሳለች ከሰሉ ትነቱን ይጠጣል። ሞተሩ ሲነሣ ደግሞ ቤንዚንና አየር የሚያቀላቅለው ካርቡራተር በሌላ ቱቦ ከከሰሉ ላይ ትነቱን መልሶ ይስብና ያቃጥለዋል፤ ከሰሉ ይጸዳል፣ ለማታው እንደገና ይጠጣል። ከሰል ሽታ እንደሚይዝ እኔ በፋብሪካው ሠላሳ ዓመት አውቃለሁ። መኪና ውስጥ ይኖራል ብዬ ግን አስቤ አላውቅም። የጋሼ መኪና ጣሳ ተሰብሮ ይሁን ጠፍቶ፣ ከረጅም ጊዜ በፊት አንድ ሰው አውጥቶታል።

ወፍራሙ ቱቦ ደግሞ የሞተሩ ራሱ መተንፈሻ ነው። ፒስተን ምንም ያህል ቢገጥም ትንሽ ጭስ ወደ ታች፣ ዘይቱ ወዳለበት ሾልኮ ይገባል። እሱን ለማውጣት በግራው የሞተር ክዳን ላይ አንዲት ትንሽ ቫልቭ አለች፤ ስትነቀነቅ ውስጧ ቀጭ ቀጭ ይላል። ከእሷ የሚነሣው ቱቦ ጭሱን ወደ ካርቡራተሩ ሥር ይወስዳል። በሚወጣው ፋንታ ንጹሕ አየር መግባት አለበት፤ እሱን የሚያስገባው በቀኝ በኩል ከአየር ማጣሪያው የሚመጣው ወፍራሙ ቱቦ ነው። ያንን ከደፈኑት አየር መግቢያ ያጣል፤ ሞተሩ በጉልበት ሲሠራ ደግሞ ጭሱ ታፍኖ ዘይቱን በየስፌቱ ይገፋዋል። ጋሼ በመኪናዋ ሥር ካርቶን ያነጠፉት ለምን እንደሆነ ያን ጊዜ ገባኝ። እኔ ቅዳሜ የተኛሁበት ያው ካርቶን ነው፤ የዘይት ጠብታውን አይቼው አልጠየቅኩም።

መካኒኩ ከመደርደሪያ ላይ አንድ ያገለገለ ጣሳ አውርዶ፣ በአንደኛው አፉ እፍ ብሎ በሌላው መውጣቱን አሳየኝ። ከዚያ ማን እንደከደናቸው ጠየቀኝ። እኔ ነኝ አልኩት። ሳቀብኝ፤ እኔም አልከፋኝም። ጣሳውንና ለቤንዚን የሚሆን ጎማ ሰጠኝ፤ የውሃ ጎማ እንዳልገጥምበት፣ ቤንዚን በወር ውስጥ እንደሚበላው አስጠነቀቀኝ። አንድ ቀን የምትሸጥ ከሆነ ግን መጀመሪያ ለእኔ አለ። እንደዚያ እንዲሆን ቃል ገባሁለት።

ሐሙስ ከጋሼ ጋር ገጠምነው። የኋላውን የተሰነጠቀ ጎማ ለወጥን። ጣሳውን ባትሪው አጠገብ አሠርን፤ የብሎን ቀዳዳዎቹ ከነዝገታቸው እየጠበቁት ነበር። ቀይ ክዳኑን በፒንሳ ነቅዬ ቀጭኑን ቱቦ በጣሳው «ታንክ» ተብሎ በተጻፈበት አፍ ላይ አስገባሁ፤ ከሌላኛው አፍ ወደ ካርቡራተሩ አዲስ ቱቦ ዘረጋሁ። ከዚያ ሁለተኛውን ክዳን ነቅዬ ወፍራሙን ቱቦ ወደ አየር ማጣሪያው መልሼ ከመግጠሜ በፊት ጋሼን ሞተሩን እንዲያስነሡ ለመንኳቸው። መካኒኩ አንድ ነገር አስተምሮኛል፤ ቫልቯ የምትሠራ ከሆነ በክፍቱ አፍ ላይ የተደረገ ወረቀት ይሳባል። ወረቀት አልነበረንም። ጋሼ ኪሳቸውን ዳበሱና ያንን የሕንጻ አስተዳደሩን የመስኮት ክፈቱ ደብዳቤ አወጡ፤ እትዬ ከማቀዝቀዣው ላይ ገንጥለው ሰጥተዋቸው ኖሯል። ከጫፉ ቀድጄ አፉ ላይ አስጠጋሁት። ወረቀቱ ሄዶ ጥብቅ አለ። ሁለታችንም ጎንበስ ብለን አየነው፤ ሳነሣው ይነሣል፣ ስለቀው ይለጠፋል። ጋሼ ሦስት ጊዜ ያህል ራሳቸው ሞከሩት።

ሞተሩ ሲጠፋ ቀይ ክዳኖቹ መዳፌ ላይ ነበሩ። አሳየኋቸውና ሁሉንም ነገርኳቸው፤ የእኔ መሆናቸውን፣ ቅዳሜ አውቄ መዋሸቴን፣ እትዬን ራሳቸውን የሚያማቸው በእኔ ጥፋት መሆኑን። ጋሼ እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ ቆዩ።

«እኔን የበደልሽኝ ነገር የለም» አሉ። «ለእሷ ንገሪያት። ሲያማት የኖረችው እሷ ናት።»

ደረጃውን ወጣሁ። እትዬ የጾም ወጥ ሠርተው ጠረጴዛ ላይ እያቀረቡ ነበር። ሳልቀመጥ ክዳኖቹን ከሳህኑ አጠገብ አስቀመጥኳቸውና ጀመርኩ። የከሰሉን ጣሳ፣ የታንኩን መታፈን፣ ሁሉንም ዘርዝሬ ልነግራቸው ነበር። እሳቸው ግን ገና ክዳኖቹን ሲያዩ እጃቸውን ትከሻዬ ላይ አድርገው አስቀመጡኝ።

«አውቄአለሁ እኮ» አሉ።

ምኑን አልኳቸው። ሽታው የጀመረው እኔ በሠራሁት ሳምንት እሑድ መሆኑን። ከዚያ በፊት መኪናዋ ውስጥ ሸቷቸው አያውቅም፤ ይሸት የነበረው ጋራዡ ነው። ከዚያ እሑድ ጀምሮ ግን መኪናዋ በወጣች ቁጥር ይሸታቸዋል፤ በሙቀቱ ወራት ይብሳል። እኔ ከኋላ ተቀምጬ «አሁንስ ይሸታል?» ስል እሳቸው አፍንጫቸውን በነጠላ ሸፍነው የለም ይሉኝ ነበር ማለት ነው። ለባላቸው እንኳ የቤንዚኑን ሽታ የነገሯቸው ሊያስመልሳቸው በደረሰበት ቀን ነው፤ ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ ግን አልነገሯቸውም።

ተናደድኩ። እውነቴን ነው፣ ተናደድኩ። ዓመት ከመንፈቅ ሙሉ አንድ ቃል ቢናገሩ በአንድ ቀን ይስተካከል የነበረ ነገር ነው። ሰው እንዴት ለገዛ ጤናው ዝም ይላል? ለምን አልነገሩኝም አልኳቸው፤ ድምፄም ለእሳቸው ከሚገባው በላይ ከፍ ብሎ ነበር።

እትዬ ከክዳኖቹ አንዱን አንሥተው እያገላበጡ አዩት።

«ከሥራ የወጣሽ ሰሞን ነበር» አሉኝ። «ሰው ሲያናግርሽ አትሰሚም፣ ስትበይ ጣዕሙን አታውቂም። ያን ቀን እጅሽ ዘይት ሆኖ ከጋራዥ ወጥተሽ መጣሽ። እዚህ ወንበር ላይ ተቀምጠሽ ሳቅሽ። ምን ብዬ ልንገርሽ፣ ልጄ? አበላሽተሽዋል ልበልሽ?»

ያ ቀን ለእኔ የምሳ ግብዣ ቀን ነው፤ መሳቄን አላስታውስም። እሳቸው ግን ያንን ሳቅ ለማትረፍ ያን ሁሉ እሑድ ቤንዚን ተንፍሰዋል። ማልቀሴን ለመደበቅ አጎንብሼ በላሁ፤ እሳቸውም ወጥ ጨመሩልኝ። በመጨረሻ፣ ሲሸኙኝ በሩ ላይ፣ አንድ ነገር አስቸገርኳቸው። ከእንግዲህ ቢሸትዎ ይንገሩኝ አልኳቸው፤ እኔ ቱቦ ተሳስቼ ብገጥም አልሞትም። እሺ አሉ። ይሉኝታ ያለበት ሰው እሺ ሲል ግን ምን ማለት እንደሆነ ስለማውቅ ብዙም አላመንኳቸውም።

ጋሼ ለመካኒኩ ደውለው የቅዳሜውን ቴርሚን ሰረዙ። ባይገርመውም ማዘኑን ከድምፁ አውቄአለሁ አሉኝ።

እሑድ ጠዋት የሞተሩን ድምፅ ሰምቼ ስወርድ እትዬ ፊት ተቀምጠዋል። ከኋላ ገባሁ። መስኮቱ እንደ ልማዱ ዝግ ነው። እኔ አንገቴን ወደ ፊት አስግጌ የእትዬን አፍንጫ በጎን አያለሁ። ልጠይቃቸው አስቤ ተውኩት፤ ከጠየቅኩ የለም ነው የሚሉኝ። ጋሼም ስለ ልጃቸው አንድ ነገር ጀመሩ፣ እትዬ መለሱላቸው፣ ጨዋታው እንደ ድሮው ቀጠለ። ሆኽስትን እንዳለፍን እትዬ ጨዋታውን አቋረጡ። ጣታቸውን ከፊታቸው ባለው ክሩስኮት ላይ አደረጉ።

«ልጄ» አሉ፣ ወደ እኔ ሳይዞሩ። «አሁንም ትንሽ ይሸታል።»

ጋሼ በመስታወቱ ውስጥ አዩኝ። እኔ ግን ልቤ ዘለለ፤ ሥራሽ ተበላሽቷል ተብዬ እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም። ጋሼ መኪናዋን ዳር አስያዙልኝና ወርጄ ኮፈኑን ከፈትኩ። ከጣሳው ወደ ካርቡራተሩ የዘረጋሁት አዲስ ቱቦ ማጥበቂያው ላላ ብሏል፤ በእጄ ብቻ አዙሬ ረስቼዋለሁ። በካቻቪቴ ሁለት ዙር አጠበቅኩት። ቀና ስል እትዬ ነጠላቸውን እየሰበሰቡ ወርደው አጠገቤ ቆመዋል። ከማይን ወንዝ የሚመጣው ነፋስ ፊታቸው ላይ እየነፈሰባቸው ነበር።

«አሁንስ?» አልኳቸው።

ጎንበስ አሉና በቱቦው ላይ፣ በጣሳው ላይ፣ እንደገና በቱቦው ላይ አሸተቱ።

«አሁን የለም» አሉ።

ይህን ጊዜ አመንኳቸው።